ያልተነሳችው ቮልስ

መልከጼዴቅ ሞቶም ቮልሱን አልለቀቀም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሚስቱ ጤናዬ ከአዳር ሥራ ተመልሳ የጋራዡን የጎን በር ስትከፍት፣ ባሏ ውሃ ሰማያዊዋ የ1967 ቮልስዋገን ውስጥ ተቀምጦ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አገኘችው። ትልቁ በር እስከ መሬት ወርዷል። የመኪናዋ ቁልፍ እንደተከፈተ ነው። ፊቱ ሮጦ የመጣ ሰው ይመስል ቀልቷል። ጤናዬ ጮኸች፤ ፖሊስ የጠሩት ጩኸቷን የሰሙ ጎረቤቶች ናቸው።

ጽጌረዳ የደረሰችው ከፖሊሶቹ ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ነው። የአስከሬን ምርመራ ቢሮ መርማሪ ናት። ሥራዋ ሰው እቤቱ ሞቶ ሲገኝ ሄዳ አይታ፣ ቅጹ ላይ ካሉት ሳጥኖች በአንዱ ምልክት ማድረግ ነው፦ በሽታ፣ አደጋ፣ ራሱን አጠፋ፣ ሰው ገደለው። አጭር ናት፤ ወፍራም መነጽር ታደርጋለች፤ ሰው ሲያወራት ከፊቱ ይልቅ ጫማውን ታያለች። አባቷ ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። ይህን ከዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ ውስጥ ማንም አያውቅም፤ የጠየቃትም የለም።

«ግልጽ ነው» አላት ዲቴክቲቩ፣ ረጅም፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ፈረንጅ። «በሩን ዘጋ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ጭሱ ገደለው። ምስኪን።»

«ሞተሩን ከዚያ በኋላ ማን አጠፋው?»

«ነዳጅ ጨርሶ ይሆናላ።»

ጽጌረዳ ወደ መኪናዋ ፊት ሄደች። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ነዳጇ ከፊት ነው። ክዳኑን ከፍታ ቀጭን እንጨት አስገብታ አወጣች። እንጨቱ እስከ ላይ ድረስ ረጥቧል።

«ሙሉ ነው» አለች።

«እንግዲያው በራሷ ጠፍታ ይሆናል። አሮጌ አይደለች?»

«ይሆናል።» ጽጌረዳን የሚያውቅ ሰው፣ እሷ «ይሆናል» ስትል አይሆንም ማለቷ እንደሆነ ያውቃል። ዲቴክቲቩ ገና አያውቃትም።

ጓንቷን አድርጋ የሟቹን ኪስ ፈተሸች። መሐረብ፣ ሁለት ከረሜላ፣ ከዚያ ደግሞ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ፤ ጫፏ ላይ ትንሽ ነሐስ አለ። ዲቴክቲቩ አንገቱን አስግጎ አየና «የቧንቧ ዕቃ?» አለ። ጽጌረዳ ከረጢት ውስጥ ከተተቻት፣ ቁጥርም ጻፈችባት። ከረጢቷንም ለብቻዋ ያዘቻት።

ጋራዡ ሁለት መኪና ይይዛል። ቮልሷ ግራውን ይዛለች፤ ቀኙ የጤናዬ ነው፣ ባዶ። የጤናዬ መኪና ውጭ በረዶ ላይ ቆማለች። በባዶው በኩል ሲሚንቶው ላይ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ደርቀዋል፤ መንገድ ላይ ለበረዶ የሚረጨው ጨው ከጎማ ጋር ሲገባ የሚተወው ምልክት። የቮልሷ የኋላ መቀመጫ ደግሞ በአንድ ጎኑ ብድግ ብሏል። ጽጌረዳ አነሳችው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነው። ባትሪው ሞቷል፤ ሁለቱ ራሶቹ ግን አዲስ ተጭረው ያብለጨልጫሉ።

መደርደሪያው ላይ ባለ መስመር ደብተር ነበር። መልከጼዴቅ ሦስት ዓመት ሙሉ የሞከረውን ሁሉ ጽፎበታል። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ዓርብ። ፑንቲናው ደህና። ቦቢናው ደህና። ኮንዴንሰሩን ለሦስተኛ ጊዜ ቀየርኩ፣ አልረባም። ከቁልፉ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ጥቁሩን ገመድ በአምፖል ፈተሽኩ። ላዩ ደህና፣ ውስጡ ብጥስ ያለ! በሌላ ቀየርኩት። በሰባት ሰዓት ተነሳች!!! ሁለት ደቂቃ ሠራች። አሁን ባትሪው ደክሟል።»

ጽጌረዳ የተቀየረውን፣ ለሞተሩ እሳት የሚያደርሰውን ጥቁር ገመድ ወለሉ ላይ ፈለገች፣ ቆሻሻው ውስጥም ፈለገች። የለም። ደብተሩንም ከረጢት ውስጥ ከተተች፤ ለማንም አላሳየችም።

ጤናዬ ወጥ ቤት ውስጥ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ልጇ ናዝራዊት አጠገቧ ሆና እጇን ይዛለች። ናዝራዊት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሽራ ልትሆን ነው፤ ያቺ ቮልስ ደግሞ የሰርጓ መኪና ልትሆን ነበር።

«እትዬ ጤናዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች ጽጌረዳ። «ከመኪናዋ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ጣውንቴ ናት!» አለች ጤናዬ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ሦስት ዓመት ከእሷ ጋር አመሸ። ለእሷ ቅባት፣ ለእሷ ጨርቅ። ለእኔ አንድ ቀን እንኳን ጫማሽ ያምራል ብሎ አያውቅም። ዕድር ፊት፣ ሰው እየሰማ፣ አቃጥላታለሁ ብያለሁ። ምን አፍ ነው ያለኝ!»

«ትናንት ከቤት ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ስድስት ሰዓት። ሁለት ሺፍት ደርቤ ነው የሠራሁት። በረዶው ስምንት ሰዓት ላይ ሲጀምር ከማስታምማቸው አሮጊቶች ጋር በመስኮት አየሁት።»

ጽጌረዳ የጥቁሯን ፕላስቲክ ፎቶ በስልኳ አሳየቻት። «ይህችን ያውቋታል?»

«አይ ይቺን! ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ስንቴ ነው ያገኘኋት? መኪናዋን ነካክቶ ሲጨርስ ነቅሎ ኪሱ ይከታታል። ድሬ ታክሲ ሲነዳ ሌባ እንዳይወስድበት የለመደው ነው። እዚህ ማን ሊሰርቅህ ስለው፣ ልማድ ነው ይለኛል።»

«ሲያስነሳስ?»

«መጨረሻ ላይ ይመልሳታል። ከሁሉ በኋላ።» ከዚያ ጤናዬ በድንገት የጽጌረዳን እጅ ያዘች። «እህቴ፣ ቄሱ ምን አሉ መሰለሽ? ወረቀቱ ራሱን አጠፋ ካለ ፍትሐት የለም አሉ። ሠላሳ ዓመት ከእኔ ጋር የቆረበ ሰው! ቀብሩ ማክሰኞ ነው። ያለ ፍትሐት፣ እንደ ውሻ ልቅበረው?»

«ዳዲ ሂ ዉድ ኔቨር» አለች ናዝራዊት። «ሰርጌን ትቶ? ፕሊስ። በፍጹም አያደርገውም።»

«ራሱን አጠፋ ብሎ ለቄሱ የነገራቸው ማነው?»

«የባሌ ጓደኛ ኃይሌ ነዋ» አለች ጤናዬ። «ፖሊሶቹ እንደደረሱ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ከእኔ በላይ አለቀሰ።» አንገቷን ደፋች። «ካርቱም እያለን መጀመሪያ ሽማግሌ የላከብኝ እሱ ነበር። እምቢ አልኩ። ያለፈ ነገር ነው፤ የልጄ የጡት አባትም ሆኗል። ግን ባሌ መልኬ የያዘውን ነገር ሁሉ ሲያይ ዓይኑ ይቀላል። ቤት ስንገዛም እንደዚያው ነበር።»

ወንድሙ የሚባለው የሟቹ ታናሽ ወንድም ደጅ ላይ ነጭ ሊሞዚኑን ተደግፎ ቆሟል። ከጎረቤት ከተማ ከሴንቴኒያል ነው የመጣው። ሊሞዚኗ ባቡር ማለት ናት፤ የግቢውን መግቢያ ዘግታ ግማሿ አስፋልት ላይ ቀርቷል።

«እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ!» አለ ጽጌረዳ ገና አፏን ሳትከፍት። «ሰው አልገድልም!»

«ማን ገደልክ አለህ?»

«ሁሉም እንደዚያ እያየኝ ነዋ። አዎ፣ ተጣልተናል። የሰርግ መኪና ያለኝ እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ሁሉ በእኔ ሊሞ ሲዳር፣ የገዛ ወንድሜ ልጅ በማትነሳ ቮልስ! ሰው ምን ይላል? ቀናሁ፣ አልዋሽም። በአንዲት ጥንዚዛ ቀናሁ።»

«ትናንት ይህችን ነበር የምትነዳው?»

«ሌላ መኪና የለኝም። ዴንቨር መሀል የተቀጠርኩበት ሥራ ነበር፤ አሥር ሰዓት አካባቢ እግረ መንገዴን መጥቼ አንኳኳሁ፣ ማንም አልከፈተልኝም።»

ጽጌረዳ ሊሞዚኗን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃዋ ለካቻት። ከዚያ ጋራዡን ለካች። ከዚያ ወንድሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አይታ «በርታ» አለችው። ለምን እንዳለችው አልገባውም።

የኃይሌ ጎማ ቤት ሃቫና ስትሪት ላይ፣ ከመልከጼዴቅ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ኃይሌ ስድሳ ደርሷል፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም። ጽጌረዳ ስትገባ ወንበር አቀረበላት።

«ጋሽ ኃይሌ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው ያዩት?»

«ወር አለፈው። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ተቀያይመን ከዚያ ወዲህ ስልክም የለ፣ እግሬም ቤቱን አልረገጠ። እሱ ነው የሚቆጨኝ፤ ይቅር ሳንባባል።»

«በምን ተቀያየማችሁ?»

«በቮልሷ። የእኔ ነበረች እኮ! አምስት ዓመት ይዣታለሁ። ሲያቅተኝ ሸጥኩለት። እና ሰው ፊት፣ አንተ ያቃተህን እኔ አስነሳታለሁ አለኝ። ሰው ሳቀብኝ።»

«እርስዎ ያልሞከሩት ነገር አልነበረም?»

«ምን ያልሞከርኩት አለ፣ ልጄ! ካንዴላ ቀየርኩ፣ ቦቢና ቀየርኩ፣ ሞተሪኖ አወረድኩ። ለካ አንዲት ገመድ ናት! ላይዋ ደህና፣ ሆዷ የተበጠሰ። አምስት ዓመት ስታሾፍብኝ!» ጠረጴዛውን መታ። «እኔ የናፍጣ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት ከአሰብ ጭነት አመላልሻለሁ። ናፍጣ ጨዋ ነው፤ ብልጭታ የለው፣ ሽቦ የለው።»

«ናፍጣ ብቻ ነው የነዱት?»

«ናፍጣ ብቻ። አገሬ እያለሁ ቤንዚን መኪና ነክቼ አላውቅም።» ተነፈሰ። «ምስኪን መልኬ። ተጨንቆ ነበር፣ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።»

ወር ሙሉ ያላየውን ሰው ፊት እንዴት እንዳነበበ ጽጌረዳ አልጠየቀችውም። ጫማውን አየች፤ ተረከዙ ዙሪያ ነጭ ጨው ደርቋል። ግን በዚያ ሰሞን አውሮራ ውስጥ ጫማው ጨው ያልነካው ማን አለ? ተሰናብታው ወጣች። ደጁ ላይ የኃይሌ ፒካፕ ቆሟል፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ የቤንዚን። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተቀዶ በሽቦ ታስሯል። ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከዚያ ለዲቴክቲቩ ደወለች።

«አንድ ፒካፕ የምትፈትሽበት ፈቃድ ታወጣልኛለህ?»

«ምን ልፈልግ?»

«ጥቁር ሽቦ። የክንድ ያህል። የጣለው አይመስለኝም።»

«ማስረጃ ለምን ያስቀምጣል?»

«ቅናት ነዋ! አምስት ዓመት ያሾፈችበትን አይጥልም» አለችው። ፈረንጁ በስልኩ ውስጥ ሲያዛጋ ሰማች፤ ግን ፈቃዱን አወጣ።

ሰኞ ቀትር ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጤናዬ ጥቁር ለብሳ ልጇን ተደግፋለች። ወንድሙ ግድግዳውን ተጠግቷል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ለመፍረድ ሳይሆን ለማወቅ ነው የመጣሁት ብለዋል። ኃይሌ መሀል ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንደ ቤተ ዘመድ ሲያስተናግድ ነው የሰነበተው። ዲቴክቲቩ ከኋላቸው ነው።

«ቮልሷ ላይ አዲስ ባትሪ አስገብቻለሁ» አለች ጽጌረዳ። «ነዳጅ አላት። ገመዷም ተሠርቷል። ሌላ ምንም አልነካሁም፤ ጋሽ መልከጼዴቅ እንደተዋት ናት። ጋሽ ኃይሌ፣ እስቲ ያስነሱልን።»

ኃይሌ ገባ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ግር ግር ግር አለ። ደገመው። ግር ግር ግር። ቮልሷ ወይ ፍንክች!

«ይህቺ ናት ገደለችው የተባለችው» አለች ጽጌረዳ። ኮፈኑን ከኋላ ከፍታ፣ እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ክብ ዕቃ ክዳን አነሳች። መሀሉ ባዶ ነው። «እዚህ ውስጥ ሮተር የምትባል ትንሽ ጥቁር ዕቃ ትገባለች። እሷ ከሌለች እሳት ካንዴላው ጋ አይደርስም፤ ሰማይ ቢደፋ ሞተሩ አይነሳም። ሮተሯ የት ነበረች? የሟቹ ኪስ ውስጥ። የሞተ ሰው ሮተር ነቅሎ፣ ክዳን ገጥሞ፣ ኮፈን ዘግቶ፣ ተመልሶ መሪ ላይ አይተኛም። ስለዚህ የገደለው ጭስ ከዚህች መኪና አልወጣም። ነዳጇ ሙሉ የሆነውም ለዚህ ነው።»

ጤናዬ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ታዲያ ጭሱ ከየት መጣ?» አሉ ቄሱ።

«ከሌላ መኪና፣ አባቴ። እነዚህን ነጫጭ መስመሮች ይዩ። በረዶ የጀመረው ዓርብ ስምንት ሰዓት ነው። እትዬ ጤናዬ ቀድመው ወጥተዋል፤ ሥራ ቦታቸው እስከ ጠዋት እዚያው እንደነበሩ መዝግቧል፤ ሲመለሱም መኪናቸውን ውጭ ነው ያቆሙት። ከስምንት ሰዓት በኋላ ግን ጎማው በረዶና ጨው የያዘ መኪና እዚህ ገብቷል። የቮልሷ ባትሪ ደክሞ ነበር። ራሶቹን የባትሪ ማበደሪያ ገመድ መንከሻ ጭሯቸዋል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ሊያበድር የመጣ መኪና ነው።»

«የእኔ አይደለም!» አለ ወንድሙ።

«ያንተማ አይገባም። ለክቼዋለሁ፤ ግማሿ ውጭ ይቀራል። በሩ አይዘጋም፣ ጭሱም አይጠራቀም።»

ወንድሙ ማቆሚያ ያሳጣውን የሊሞውን ርዝመት ያን ቀን ባረከው።

«አበዳሪው ሰው» አለች ጽጌረዳ፣ «ጋሽ መልከጼዴቅ ራሱን ስቶ ሲደፋ የባትሪውን ገመድ ነቀለ፣ መኪናውን አወጣ፣ የቮልሷን ቁልፍ ከፈተ፣ በሩን አውርዶ ሄደ። ቮልሷ ስትሠራ የቆየች እንድትመስል ነው። ሮተሯን አላሰበም። ቤንዚን መኪና የነዳ የአገራችን ሹፌር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ ባየ ነበር፤ ነቅሎ ኪስ መክተት ሁሉም የሚያውቀው ልማድ ነው። ይህን የማያውቀው አንድ ሰው ነው። አገር ቤት ናፍጣ ብቻ የነዳ።»

ሁሉም ወደ ኃይሌ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ» አለ ኃይሌ። «ወር ሙሉ እዚህ አልደረስኩም ብያለሁ!»

«ብለዋል። ደግሞ፣ ለካ አንዲት ገመድ ናት፣ ላይዋ ደህና ሆዷ የተበጠሰ፣ ብለዋል።» ደብተሩን አወጣችና የዓርቡን ገጽ አነበበች። ስትጨርስ ናዝራዊት አለቀሰች። «ይህን ብልሽት ያገኘው ዓርብ ሰባት ሰዓት ነው። ስልኩ ላይ ለማንም አልደወለም። ሚስቱ አታውቅም፣ ልጁ አታውቅም፣ ወንድሙ ዛሬም የማትነሳ ቮልስ ይላታል። እርስዎ ግን ያውቃሉ። ማን ነገረዎት?»

ዲቴክቲቩ ከኪሱ ግልጽ ከረጢት አወጣ። ውስጡ ጥቁር ገመድ ተጠቅልሏል። ከፒካፑ ዳሽቦርድ ውስጥ ነው የተገኘው።

ኃይሌ ገመዱን ሲያይ ትከሻው ወረደ። ቮልሷ ውስጥ እንደተቀመጠ ዓርብ ዕለት በበረዶ፣ በእግሩ ጎማ ቤቱ ድረስ ስለመጣው ሰው ነገራቸው። መልከጼዴቅ ባዶ እጁን አልነበረም፤ ያቺን ገመድ ይዞ ነበር።

«እየሳቀ መጣ» አለ። «ይቅር እንባባል፣ ያቃተችህን አገኘኋት፣ እንካ እያት አለኝ። ላዩን ዳሰስኩት። አንዲት ሽቦ! በእጄ ስንቴ ያለፍኩባት! ባትሪ አበድረኝና የልጃችን ሰርግ ላይ አንተ ትነዳታለህ አለኝ። አንተ ትነዳታለህ! ንብረቴን እንደ ምጽዋት ሲሰጠኝ! ጤናዬን ወሰደ፣ ቤት ወሰደ፣ መኪናዬን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ደግነቱንም ወሰደ። ለእኔ ምን ተረፈኝ?»

«ምን አደረግከው?» አለች ጤናዬ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አልነካሁትም። በፒካፔ ይዤው መጥቼ ባትሪውን አያያዝኩለት። በሩን ብቻ ነው ያወረድኩት፣ በረዶው እንዳይገባ ብዬ። ራሴን አመመኝ ሲል፣ ባትሪው እስኪሞላ ትንሽ አረፍ በል አልኩት። ከዚያ በጎን በር ወጣሁ። ደጅ ቆሜ በረዶውን አየሁ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ብዙ ቆምኩ።»

ናዝራዊት «የጡት አባቴ ነህ እኮ!» ብላ ጮኸች፤ በአማርኛ ነው የጮኸችው።

ዲቴክቲቩ ኃይሌን ከመኪናዋ አውጥቶ እጁን አሰረው። ጽጌረዳ ቅጿን አወጣች፣ ሁሉም እያዩ «ሰው ገደለው» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች፣ ፈረመችም። ቄሱ አጎንብሰው አነበቡ፣ አማተቡ።

«ነገ አምስት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ይግባ» አሉ ጤናዬን። «ሙሉ ፍትሐት ይደረግለታል። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ጤናዬ የቄሱን መስቀል ተሳለመች። ከዚያ ወደ ጽጌረዳ ዞረች። «ያቺን ዕቃ አስገቢልኝና ላስነሳት።»

ኪስ ውስጥ የነበረችው ማስረጃ ስለሆነች አትነካም፤ ጽጌረዳ ግን ትክክለኛ አምሳያዋን ከመለዋወጫ ቤት ገዝታ ይዛ ነበር። ቦታዋ ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ገጠመች። ጤናዬ ባሏ የሞተበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ትንሽ ተንፍሳ ቁልፉን አዞረች።

ቮልሷ በአንድ ጊዜ ተነሳች።

የፖሊሱ መኪና ጋ የደረሰው ኃይሌ ድምፁን ሲሰማ ቆመ። አምስት ዓመት ሊሰማው ሲጓጓ የኖረው ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ሳይቆራረጥ የሚሠራ። ዲቴክቲቩ አናቱን ጫን አድርጎ ወደ ውስጥ እስኪያስገባው ድረስ አንገቱን ወደ ጋራዡ እንዳዞረ ነበር።

ጤናዬ ሞተሩን ትንሽ አሠራችና አጠፋችው። ወርዳ ወደ ኋላ ሄደች፣ ጽጌረዳ ስታደርግ ያየችውን አስታውሳ ክዳኑን አነሳች፣ ሮተሯን ነቅላ የጥቁር ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

«ማሚ፣ ማን ይሰርቃታል?» አለች ናዝራዊት።

«ማንም» አለች ጤናዬ። «ልማድ ነው።»